መተማመን እስኪመለስ

ጥቅምት 14

ዝናቡ ሄደ መሰለኝ። ጠዋት ከዓለም ባንክ ሰፈር ስመጣ የወጨጫ ተራራ ሙሉ በሙሉ ወጥቶ ቆሟል። ሰማያዊ... ሌሊት አንድ ሰው ወደ ከተማው ጠጋ ያደረገው ይመስላል። ታክሲው ውስጥ ሁሉም ዝም ብሎ በመስኮት ያያል።

ሥራ እንደ ሁልጊዜው። አየር ጤና፣ ከጋራዡ በላይ ሁለተኛ ፎቅ። ከታች የመዶሻ ድምፅ፣ ከላይ የእኛ የኦክስጅን ማሽኖች ትንፋሽ። ፍስስ... ጸጥ... ፍስስ። ባልደረባዬ ሰዓዳ አዲሶቹን ከካርቶን እያወጣች፣ "እነዚህ ደግሞ ከባሕር ዳርቻ መጥተው መተንፈስ ጠፋቸው" ትላለች። እውነቷን ነው። የተሠሩት አየሩ ወፍራም በሆነበት አገር ነው። አየር ይስባሉ፣ ናይትሮጅኑን ውስጣቸው ባሉት ነጫጭ ፍሬዎች ላይ ያስቀራሉ፣ ኦክስጅኑን ለታማሚ ይሰጣሉ። እዚህ ግን አየሩ ስስ ነው። ምን ያህል ይሳቡ፣ ምን ያህል ይልቀቁ... ልኩ እንደገና ካልተስተካከለ የሚሰጡት ኦክስጅን ደካማ ይሆናል።

የሚያስተካክለው ፕሮግራም እኛ ጋ የለም። ዋናው መሥሪያ ቤት፣ ማሽኖቹ በተሠሩበት በእነሱ አገር ነው ያለው። ከዚያ ሆኖ የሚከፍትልኝ ኑሕ ነው።

"ማራናታ፣ ዝግጁ ነሽ?"

"ዝግጁ ነኝ።"

እኔ ቁጥሩን አነባለሁ፣ እሱ ይቀይራል። አምስት ዓመት እንዲህ ስንሠራ በአካል ተያይተን አናውቅም። ከጀርባው መስኮት አለ፤ በመስኮቱ ባሕር ይታያል። "ዛሬ ተኝቷል" አለኝ ስለ ባሕሩ፣ ስለ ልጅ እንደሚያወራ። እኔም ስለ ወጨጫ ነገርኩት።

ጥር ላይ እዚያ እሄዳለሁ። ለሥልጠና። ከዚያ በኋላ ፕሮግራሙን ራሴ እከፍታለሁ ተብሏል። ፓስፖርቴ ኤምባሲያቸው ገብቷል። ባሕር አይቼ አላውቅም... ምን ምን ይሸት ይሆን?

ማታ አባዬ ቱቦውን አፍንጫው ላይ አድርጎ ሬዲዮ ሲሰማ አገኘሁት። መርካቶ ኮረሪማና በርበሬ ሲነግድ፣ ወፍጮ ቤት ሲያስፈጭ የዋጠው አቧራ ነው ሳንባውን የጨረሰው። አጠገቡ የቆመው ማሽን የእኛው ድርጅት ሥራ ነው። ልኩን ያስተካከልነው እኔና ኑሕ ነን። "ዛሬስ ስንቱን አስተነፈስሽ?" አለኝ። ይህን ሳይለኝ ውሎ አያውቅም።

ጥቅምት 15

በሕልሜ ባሕር አየሁ። ውሃ የለውም። ሰማይ ብቻ... ከላይም ከታችም።

ኅዳር 2

በዜና ተነገረ። የእነሱ አገርና የእኛ ተጣልተዋል። እነሱ ዲፕሎማቶቻችንን አስወጡ፣ የእኛዎቹም የእነሱን። ምክንያቱን ማንም አጥርቶ አይናገርም። እነሱ ተሰለልን ይላሉ፣ የእኛዎቹ ተናቅን ይላሉ።

አባዬ ሬዲዮውን ቀነስ አድርጎ፣ "ባልና ሚስት እንኳ ሲጨቃጨቁ ጎረቤት ነገሩን ይሰማል። እነዚህ ምን ሆነው ነው?"

ሰዓዳ ደግሞ፣ "እኛን ምን አገባን? እኛ ቫልቭ ነው የምንፈታው።"

እኔም እንደዚያው መስሎኛል።

ኅዳር 10

ከኑሕ ጋር ቀጠሮ ነበረን። ስክሪኑ ላይ ሦስተኛ ሳጥን ተጨምሯል። ጥቁር። ካሜራዋን ያልከፈተች ሴት። "ከሕግ ክፍል ናት፣ ታዳምጣለች" አለ ኑሕ። ድምፁ የተጻፈ ነገር የሚያነብ ሰው ድምፅ ሆኗል። "ዛሬ ማየት እንጂ መቀየር አልችልም።" መስኮቱ ላይ መጋረጃ ተደርጓል። ስለ ባሕሩ አልጠየቅሁትም። ለምን? ያፈረ መሰለኝ... ወይ ያፈርኩት እኔ ነኝ።

ሰዓዳ ከጎኔ ሆና በአማርኛ፣ "ሰው ናት ግድግዳ?" ስትለኝ ሳቄን አፈንኩት። ወዲያው ደግሞ፣ ሴትዮዋ አማርኛ ብትሰማስ ብዬ ፈራሁ። እንዲህ ያለ ፍርሃት ከዚህ በፊት አልነበረኝም። ከየት መጣ?

ኅዳር 14

ተዘጋ።

የቅርንጫፋችን ኃላፊ አቶ አምሐ ሁላችንንም ቢሮ ጠርተው ኢሜይሉን አነበቡልን። የእነሱ መንግሥት አዲስ ደንብ አውጥቷል። እንደ እኛ ላሉ አገሮች እንዲህ ያለ ፕሮግራም ያለ ልዩ ፈቃድ ክፍት አይደረግም። ድርጅቱ አንድ ነው። አርማው አንድ ነው። አንገታችን ላይ ያንጠለጠልነው ባጅ እንኳ አንድ ነው። ግን ፕሮግራሙ "በሁለቱ አገሮች መካከል መተማመን እስኪመለስ" አይከፈትም ይላል። በእኛ በኩልም ያው ነው። የእነሱ መሐንዲሶች ቪዛ ተከልክለዋል፣ መለዋወጫችን ጉምሩክ ላይ ቆሟል።

"የጥር ወሩ ሥልጠናዬስ?" አልኩ።

አቶ አምሐ መነፅራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ ጠረጉ። "ልጄ፣ እሱን እርሺው።"

የማይታመን አገር... ማን ነው እሱ? እኔ ነኝ? ሰዓዳ ናት? ወጨጫ ነው?

ወደ ቤት በእግሬ ሄድኩ። ጭጋግ ነበር። ሰዎች ከጭጋጉ ይወጣሉ፣ ያልፋሉ፣ መልሰው ይገባሉ። ማንም ማንንም አይፈራም።

ኅዳር 15

ቸርች። እምነት የሚለው ቃል ዛሬ ስንት ጊዜ ተጠራ! አጠገቤ የቆመች፣ አይቻት የማላውቃት ሴት ቦርሳዋ ውስጥ የሆነ ነገር ልትፈልግ ሕፃኗን እጄ ላይ አስቀመጠችው። ሳታውቀኝ! ልጁ እቅፌ ውስጥ እንቅልፍ ወሰደው። ትንሽ፣ ሞቃት ትንፋሽ አንገቴ ላይ...

አገርና አገር እንዲህ ማድረግ አይችሉም? አገር እቅፍ የለውማ።

ኅዳር 27

ማሽኖች ከየሆስፒታሉ እየተመለሱ ነው። ቫልቭ ሲቀየርላቸው የተማሩትን ሁሉ ይረሳሉ። ወደ ባሕር ዳርቻው ልክ ይመለሳሉ። በግድግዳው ጥግ ደርድረናቸዋል። ሰዓዳ አንሶላ አለበሰቻቸው። "ይተኙ" አለች። ማንም አልሳቀም።

ታኅሣሥ 3

የአባዬ ማሽን ቢጫ መብራት አበራ። ቫልቩ ነው። መቀየሩ ቀላል ነው... ከተቀየረ በኋላ ግን ልኩን ማን ይመልስለታል?

ለጊዜው የኦክስጅን ሲሊንደር ተከራየን። ጎረቤቶች ተሸክመው አስገቡልን። አባዬ ብረቱን አየት አድርጎ፣ "ይሄ ቦምብ ይመስላል።" እማዬ ስትደነግጥ፣ "ቀልዴን ነው አንቺ!"

ሲሊንደር ያልቃል። ማሽን ግን አየር እስካለ ድረስ አያልቅም። አየሩ ደግሞ ይኸው፣ በየደጁ ሞልቷል። እንዴት አየር መሐል ተቀምጦ ሰው አየር ያጣል?

ታኅሣሥ 6

ከቸርች ስንመለስ የግል ስልኬ ላይ መልእክት ገባ። ኑሕ! ለጉዞዬ ብዬ ቁጥሬን ሰጥቼው ነበር፤ ተጠቅሞበት አያውቅም።

"የአባትሽ ማሽን ቢጫ እንዳበራ ከዚህ ይታየኛል። የተፈቀደልኝ ማየት ብቻ ነው። ማየት ብቻ ከባድ ነው። ፋይሉን ልልክልሽ እችላለሁ። ማንም አያውቅም። አዎ ብቻ በዪኝ።"

ግቢው ውስጥ ቆሜ አነበብኩት። ደግሜ አነበብኩት። ያን ያህል ርቀት ላይ፣ ባሕር አጠገብ የተቀመጠ ሰው እኛ ሳሎን ውስጥ ያለች ቢጫ ነጥብ ያያል...

ሰዓዳ ጋ ደወልኩ። "ምን ትጠብቂያለሽ? አዎ በዪዋ! አባትሽ እኮ ናቸው!"

ስልኩን ዘግቼ አባዬ ጋ ገባሁ። ነገርኩት። ዓይኑን ጨፍኖ ሰማኝ። የተኛ መስሎኝ ነበር።

"ልጆች አሉት?"

"ሁለት ሴቶች።"

"ቢያዝ ከሥራ ይባረራል ወይስ ይታሰራል?"

"ይታሰራል መሰለኝ። ደንቡ ከባድ ነው።"

 ሲሊንደሩ ያፏጫል።

"እንግዲያው ይቅር። የሁለት ልጆች አባት ታስሮ እኔ እዚህ ጋደም ብዬ አየር አልስብም። እግዚአብሔር ይስጥልን ብለሽ ጻፊለት፣ ይቅርብን በዪው።"

"አባዬ፣ ሲሊንደሩ..."

"አንቺ መሐንዲስ አይደለሽም እንዴ?" አለና ወደ ግድግዳው ዞረ።

ተናደድኩበት። እውነቱን ለመናገር ተናደድኩበት። ደግሞም ልስመው ፈለግሁ። ሁለቱንም አላደረግሁም።

ለኑሕ ጻፍኩ፦ "አትላክ። ስላሰብክልን እግዚአብሔር ይባርክህ። ባሕሩ እንዴት ነው?"

ታኅሣሥ 10

መልስ መጣ። አንድ መስመር። "ዛሬ ማዕበል አለ፤ መጋረጃውን ከፍቼ እያየሁት ነው።"

ታኅሣሥ 18

አቶ አምሐን ጠየቅኋቸው። የእነሱን ፕሮግራም አንነካም፣ አንቀዳም፣ ማኅተም ያለበትን ሳጥን አንከፍትም። የተጣለ አሮጌ ማሽን አለ፤ መቆጣጠሪያውን አውጥተን ከባዶ የራሳችንን እንሥራ። ቫልቮቹን የሚከፍትና የሚዘጋ ትንሽ ሰርኪዩት ብቻ። ልኩን እየለካን እናገኘዋለን።

"ባይሳካስ?"

"አሮጌው አሮጌ ሆኖ ይቀራል።"

"ቢሳካስ?" ይህን ሲጠይቁ ነው ፊታቸው የከበደው። ከዋናው መሥሪያ ቤት ምን እንደሚመጣ አያውቁም። ጡረታቸው ተቃርቧል። ወንበራቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው የአየር ጤናን አደባባይ ብዙ አዩ። ታክሲ፣ አቧራ፣ ጥሩንባ...

"ጀምሪ። እኔ ነኝ ያዘዝኩሽ። የጠየቀ ካለ ወደ እኔ ላኪው።"



ጥር 6

ሥልጠና ላይ የምሆንበት ሳምንት ነበር። እዚያ ጠዋቱ እንዴት ይነጋል?

እዚህ እኔና ሰዓዳ ወለል ላይ ተቀምጠን ማሽን እንሰማለን። ከሰዓት ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ አንሶላ በለበሱት ማሽኖች ላይ ትዘረጋለች። እየሰማሁ አንዳንዴ ያንቀላፋኛል። ሕልሜ ውስጥም ይተነፍሳል።

ጥር 17

አልሆነም።

አባዬ ሲተኛ ሳየው፣ ሲስብ አጭር፣ ሲያስወጣ ረጅም ነው። ማሽኑንም እንደዚያ አደረግሁት። አንድ ሰው ስለምወድ ማሽኑም እሱን የሚመስል መሰለኝ። የኦክስጅኑ መጠን ጭራሽ ወረደ። ሰዓዳ መለኪያውን አይታ ሻይ ልታመጣ ወረደች።

የካቲት 4

በጣም ክፉ ቀን።

ሥራ ላይ ሆኜ እማዬ ደወለች። ሲሊንደሩ አለቀ፣ ተተኪው አልደረሰም። ከንፈሩ ጠቁሯል አለች። ጎረቤታችን በመኪናው ጦር ኃይሎች አካባቢ ወዳለ ሆስፒታል አደረሰው። ስደርስ ጭምብል አድርገውለታል። ዓይኑ ጣሪያው ላይ። እጁን ያዝኩት። ቀዝቃዛ... እንደ እርጥብ ድንጋይ።

ሊናገር ሞከረ። "አታውራ" አልኩት። ጭምብሉን በጣቱ ከፍ አድርጎ፣ "ለዚያ ሰውዬ ይቅርብን ማለቴ አልጸጸተኝም... ግን ትንሽ ፈርቻለሁ" አለ።

አባዬ ፈርቻለሁ ሲል ሰምቼው አላውቅም ነበር።

ኮሪደሩ ላይ ወጥቼ አለቀስኩ። በኑሕ አገር ተናደድኩ። በእኛም አገር። ሬዲዮ ላይ ተራ በተራ በሚናገሩት ሁሉ። ማንኛቸውም አባዬን አያውቁትም። ሊገድሉትም አላሰቡም። ጭራሽ አላሰቡትም...

የካቲት 6

አባዬ ተሻለው። ቤት ገባ።

ሰዓዳ ዛሬ መጭመቂያው ሞተር ላይ ጆሮዋን ለጥፋ ቆየች። "ማራኒ፣ ይሄ ነገር ሳይጠግብ ነው የምንዘጋበት። ድምፁ ገና እየወጣ እያለ እንቆርጠዋለን።"

ሳይጠግብ! አየሩ ስስ ነዋ። በአንድ ጊዜ የሚስበው ትንሽ ነው። ስለዚህ ረጅም መሳብ ነው ያለበት። ማስወጣቱ ግን ቀላል ነው፤ ውጭ የሚገፋው ወፍራም አየር የለም። ረጅም ስቦ፣ አጭር መልቀቅ። የአባዬ ተቃራኒ።

እንዴት እስከ ዛሬ አልታየኝም? ከማሽኑ ይልቅ አባዬን ስሰማ ስለነበር።

የካቲት 13

ቁጥሩ ወጣ። ወጣ... ወጣ... ከዘጠና በመቶ አለፈና ቆመ። መለኪያው የተበላሸ መስሎን ሌላ አመጣን። ያው ነው።

ሰዓዳ ጫማዋን አውልቃ ወለሉ ላይ ጨፈረች። አቶ አምሐ በሩ ላይ ቆመው፣ "እውነት ነው?" አሉ። "እውነት ነው።" መነፅራቸውን አወለቁ፣ አልጠረጉትም፤ ዓይናቸውን ነው የጠረጉት።

የካቲት 25

ሆስፒታሉ ያሉት የሕክምና መሣሪያ ባለሙያዎች ከእኛ ጋር ሆነው ሲፈትሹት ሰነበቱ። ሰው ላይ ሊውል ይችላል ብለው ፈቀዱ። ከበፊቱ ልክ እንኳ ትንሽ ይሻላል፤ በተለይ ጠዋት ሲበርድ። የኑሕ ልክ ባሕር ዳር ተቀምጦ የተገመተ ነበር፤ እኛ እዚሁ ሆነን ለካነው። ለካነው እንጂ ከኑሕ አምስት ዓመት ባልማር ምን እንደምለካም አላውቅም ነበር።

ዛሬ የአባዬን ማሽን ቫልቭና መቆጣጠሪያ ቀየርኩለት። የማሽኑ ባለቤት እሱ ስለሆነ ማንንም መጠየቅ አላስፈለገም። ቱቦውን አፍንጫው ላይ አደረግሁ። ጠበቅን። እማዬ በልቧ ትጸልያለች። ቀስ በቀስ ጉንጩ ላይ ቀለም መጣ፤ እንደ ማለዳ...

"እህስ?" አልኩት።

"ዝም በዪኝ፣ ልተንፍስበት።"

ተኛ። ቤቱ ሁሉ አብሮት የተኛ መሰለኝ።

ግንቦት 9

ታረቁ! ወይም ጀመሩ። በቴሌቪዥን ሚኒስትሮቻቸው ሲጨባበጡ አየን። ለምን እንደተጣሉ ሳናውቅ፣ ለምን እንደታረቁም ሳናውቅ...

ሲመሽ የኑሕ መልእክት፦ "እምቢ እንድትዪኝ እየጸለይኩ ነበር የጻፍኩልሽ። አዎ ብትዪኝ ግን እልከው ነበር። ይህን እንድታውቂ ፈልጌ ነው።"

ለአባዬ አነበብኩለት። "ጥሩ ሰው ነው" አለ። ትንሽ ቆይቶ፣ "ፈሪም ነው። እንደ እኔ።"

ግንቦት 16

ዋናው መሥሪያ ቤት ጻፈ። ፕሮግራሙ በፈቃድ ይከፈትልናል። ግን ሌላም ጥያቄ አለ። እናንተ ያገኛችሁትን የከፍታ ልክ ስጡን ይላሉ። ድርጅቱ በሌሎች ተራራማ አገሮችም ቅርንጫፍ አለው፤ እዚያም ማሽኖቹ እየደከሙ ነው።

ሰዓዳ ብድግ አለች። "እነማን? እኛን የማይታመኑ ያሉን? ሞቼ ነው!"

አቶ አምሐ ሌላ ነገር ጨመሩ። የእኛው መንግሥት መሥሪያ ቤት፣ እነዚህን ነገሮች የሚቆጣጠረው፣ ልኩ ያለ እሱ ፈቃድ እንዳይወጣ ብሏል። የአገር ሀብት ነው ብሏል። የእኔን አስተያየት ሊሰሙ ይፈልጋሉ።

ከትናንት ወዲያ የሚለምን እጅ ነበረኝ። ዛሬ ያው እጅ ሊከለክል ይችላል። ጣፋጭ ነው... አልዋሽም። ታክሲ ውስጥ ሁሉ ጣፈጠኝ።

ግንቦት 17

ከአባዬ ጋር ተጋጨን። ይደግፈኛል ብዬ ነበር።

"አትስጪያቸው" አለ።

"አባዬ! አንተ ነህ እንዲህ የምትለው? ለኑሕ ልጆች አዝነህ..."

"ኑሕ ሌላ፣ እነሱ ሌላ። እኔ ሆስፒታል አልጋ ላይ ጣሪያ ስቆጥር የት ነበሩ? እነሱም ይቅመሱት።"

"የሚቀምሱት እኮ እነሱ አይደሉም። አንድ የሆነ ተራራ ላይ ያለ፣ እንዳንተ ያለ ሽማግሌ ነው።"

"እሱን አላውቀውም።"

"አንተንም አያውቁህም ነበር።"

ይህን ባልናገረው ይሻለኝ ነበር። ፊቱን አዞረ። ራት ላይም አላናገረኝም።

ሰኔ 4

ወደዚያ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሄድኩ፣ ከአቶ አምሐ ጋር። ጨዋ ሰውዬ ናቸው፣ ውሃ አስመጡልን። "ብንከለክላቸው ማን ይጎዳል?" አሉኝ።

"ድርጅቱ ትንሽ ይጎዳል። ከፍታ ላይ ያለ በሽተኛ ብዙ ይጎዳል።"

"እነሱ ለእርስዎ አባት አስበው ነበር?"

ሰምተዋል ማለት ነው። አንዱ ግን አስቦ ነበር... አፌ ላይ ደረሰ። ዋጥኩት። ኑሕን ለማንም አሳልፌ አልሰጥም፤ ለምስጋናም ቢሆን።

"አላሰቡም" አልኩ። "እኔ ግን እንስጥ ባይ ነኝ። በአንድ ነገር ብቻ። የትኛውም ወገን ብቻውን የማይዘጋው ይሁን። ልኩ በየአገሩ፣ በየቅርንጫፉ ይቀመጥ። ነገ ብንጣላ እንኳ ማሽኑ ይሥራ።"

"እነሱ እሺ ይላሉ ብለው ነው?"

"አላውቅም።"

ሰውየው ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ ቀስ ብለው አሽከረከሩት። "እኔም አላምናቸውም። ግን እርስዎ ያሉት መተማመን አያስፈልገውም። እሱን ወድጄዋለሁ።"

መንገድ ላይ አሰብኩት። እውነት አያስፈልገውም? ወይስ ጥቂት፣ ለመጀመሪያው እርምጃ ያህል ብቻ?

ሐምሌ 22

ዝናብ፣ ዝናብ... ከተማው ውሃ ውስጥ የሰመጠ ነው። ወጨጫ ከጠፋ ሰነበተ።

ተስማሙ። በሁሉም አይደለም። ዋናው ፕሮግራም የእነሱ ሆኖ ይቀራል፣ በፈቃድ። የከፍታው ልክ ግን በየቅርንጫፉ ይቀመጣል፣ ማንም ከሩቅ አይዘጋውም። አቶ አምሐን ማንም አልተቆጣቸውም፤ እንዲያውም የምስጋና ኢሜይል ደረሳቸው። አንብበው ሳቁ።

ሰዓዳ ሁለት ቀን አኮረፈችኝ። በሦስተኛው ሳምቡሳ ገዝታልኝ መጣች። ኩርፊያዋ አልወጣላትም፤ ብቻዋን መብላት አትወድም እንጂ።

ጥቅምት 28

እንግዳ መጣችልን። ከአንዱ ተራራማ አገር ቅርንጫፍ፣ የእኔ ዓይነት መሐንዲስ ናት። ከተማዋ ከአዲስ አበባም በከፍታ በብዙ ይበልጣል፣ ደመና ከእግራችን በታች ነው የሚያልፈው አለችኝ። ድርጅቱ ሥልጠናው እዚህ ይሁን ብሏል። እዚህ! አየር ጤና!

የእሷ አገርና የእኛ አልተጣሉም። አልተዋወቁምም። የዚያ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ጨዋ ሰውዬ ደውለው፣ "ግዴታ አይደለም፣ ግን ብቻዋን ከፕሮግራሙ ጋር ባይተዋት ይመረጣል" አሉኝ። እሺ አልኩ።

አባዬ ስለ እሷ ጠየቀኝ። ወራት ሙሉ ስለዚህ ጉዳይ ተናግሮ አያውቅም። "እንዲያ ከፍ ካለ፣ ሽማግሌዎቻቸው እንዴት ነው የሚተነፍሱት?" አለ።

"በጭንቅ ነው አለችኝ።"

ራሱን ነቀነቀ።  ጠዋት ስወጣ በላስቲክ የተቋጠረ ኮረሪማ ሰጠኝ። "ለእንግዳሽ። ለሳል ጥሩ ነው።"

ኅዳር 4

ልጅቷ ዝምተኛ ናት። ከኋላዋ ስቀመጥ ትከሻዋ ይጠነክራል። የምትጽፈውን በክንዷ ትሸፍናለች። እንደ ዘብ እየጠበቅኋት እንደሆነ ገብቷታል። እኔም ስጠብቅ ደክሞኛል። ሁለታችንም ቁጥር እንጂ ሌላ ነገር አንነጋገርም።

ዛሬ ሰዓዳ፣ "እንዴት ነው ሥልጠናው?" ስትለኝ፣ "ሁሉንም አስተምሬያታለሁ" አልኩ። ከዚያ አሰብኩት። ሁሉንም አስተምሬያት ምንም አልሰጠኋትም።

ኅዳር 6

ከምሳ በኋላ ፕሮግራሙን ከፈትኩላት። ሙሉውን። ወንበሬን ሳብኩ... ከዚያ ቆምኩ።

"ወጣ ልበል። የምትፈልጊውን ቀይሪ" አልኳት።

ዞር ብላ አየችኝ። "ብቻዬን?"

"ብቻሽን።"

ወጣሁ። ደረጃውን ወረድኩ። ምን ታደርግ ይሆን? ብታበላሸውስ? ወስዳ ለማላውቀው ሰው ብትሰጠውስ? አደባባዩ ላይ ቆምኩ። ታክሲዎች ይጮኻሉ፣ ሰዎች ይጋፋሉ፣ ጋራዥ ውስጥ ብረት ይመታል። ፀሐዩ ለስላሳ ነበር። ሁሉም ነገር በውሃ ውስጥ እንዳለ ዝግ ብሎ ይንቀሳቀሳል። ምንም አልገዛሁም፣ የትም አልሄድኩም። ቆምኩ ብቻ። ፍርሃቱ ቀስ ብሎ ከውስጤ ሲወጣ ተሰማኝ፤ ረጅም ትንፋሽ እንደሚወጣው።

ስመለስ ማሽኑ ድምፁን ቀይሯል። የማላውቀው ድምፅ። ደነገጥኩ።

"የእናንተ ልክ ለእኛ ከተማ አይበቃም" አለች። ክንዷን ከምትጽፍበት ላይ አንስታለች። "መሳቡን በጣም ማርዘም ፈልጌ ነበር፣ ሞተሩ እንዳይግል ፈራሁ። ስለዚህ በአንዴ ከሚስብ ይልቅ ሁለት ጊዜ ቆም እያለ እንዲስብ አደረግሁት። ተሳሳትኩ?"

መለኪያውን አየሁ። ቁጥሩ ቆሟል፣ አይወርድም። ሁለት ጊዜ ቆም እያለ... እኔ አስቤው አላውቅም። ኑሕም።

ወንበር ስቤ አጠገቧ ተቀመጥኩ።

"አሳዪኝ" አልኳት።